ገላዋ ሁሉ ጆሮ ነው

ሰኞ 3

ይህን ደብተር የሰጠችኝ ልጄ ናት። "እማዬ፣ ማታ ማታ ስለ ፈረስ ለኔ ከምታወሪኝ ለእሱ አውሪው፤ እሱ እንኳ እንቅልፍ አይወስደውም" አለችኝ። እውነቷን ነው፣ አፌ አያርፍም። የልጅ ልጄ ገና ዘጠኝ ወሯ ነው፣ ስለ ኮቴና ስለ ጋማ ያልነገርኳት የለም። እንግዲህ ደብተር፣ ተራው ያንተ ነው።

የምሠራው ልጆች ግልቢያ የሚማሩበት በረት ነው። ስድስት ፈረሶች አሉን፤ የምንጠራቸውም በመልካቸው ነው። አምባላይ ነጩ ሽማግሌ ነው። ዳማ ቀዩዋ ባዝራ ናት፣ የበረቱ ዓይን። ቦራ ግንባሩ ላይ ነጭ ያለበት፣ ከዚያ ግራጫ፣ ከዚያ ጥቁሩ ጉራቻ። ስድስተኛዋ ድንክ ናት። ብሩሽ ካየች ስለምትናከስ ነካሺት ብለናታል። እሷን በሩቁ በእርጥብ ጨርቅ ነካ ነካ አድርጌ እሸሻለሁ።

ጠዋት ጠዋት ዙር አለኝ። ዙር የምለው ብሩሽ ይዤ ከጋጣ ጋጣ መሄዴን ነው። በዕድሜ ስለሚበልጣቸው ከአምባላይ እጀምራለሁ፤ ዳማ፣ ቦራ፣ ግራጫ፣ ጉራቻ እያልኩ እጨርሳለሁ። አባቴም እንዲሁ ነበር የሚዞረው። ዕድሜውን ሁሉ ፈረስ ሲያበጥር ኖረና ሲሞት ብሩሹን ለኔ ተወልኝ። እንጨቱ የአውራ ጣቱ ቦታ ጎድጉዷል። የኔ ጣት እዚያ ጉድጓድ ውስጥ ልክክ ይላል።

ዛሬ ዳማ ላይ ዝንብ አረፈ። ጭራዋን አላነሳችም፣ ጆሮዋንም አላዞረችም። ዝንቡ ያረፈበትን ቦታ ብቻ፣ መዳፍ የሚያህለውን፣ ንፋስ እንደነካው ኩሬ አንቀጠቀጠችው። ዘጠኝ ዓመት አየሁት፣ አልጠገብኩትም። እኔ ክንድሽን ሳታንቀሳቅሺ ቆዳሽን ብቻ አንቀጥቅጪ ብባል ከየት አመጣለሁ? አባቴ "ፈረስ ገላው ሁሉ ጆሮ ነው" ይል ነበር።

ለካ የከፈትኩህ ለሌላ ነገር ነበር። አምባላይ አንገቱ ላይ የሸሚዝ ቁልፍ በምታህል ቦታ ጸጉሩ ረግፏል። ዝናቡ ይሆናል፤ ሁለት ሳምንት ሙሉ አላባራም። ደህና አድርጌ ፈተግኩት።

ሐሙስ 6

አንዷ ቁልፍ አምስት ሆነች። ጸጉሩ ከነቅርፊቱ ቁንጥር ብሎ ይመጣል። ዳማም ትከሻዋ ላይ አንድ፣ የኮርቻዋ ማሰሪያ በሚያልፍበት ደግሞ ሻከር ያለ ነገር አለ።

ዘበኛችንን ሬዲዮ ነው የምንለው፤ ዜና ሳያሰራጭ አይውልም። "ከድርቆሹ ነው" አለኝ። ትናንት ከውሃው ነው ብሎ ነበር።

"ነገስ ከምንድን ነው?" አልኩት።

"ነገ ገና አልተጣራም።"

ዙሬን ሁለት ጊዜ አድርጌዋለሁ፣ ጠዋትና ከሰዓት። ቆሻሻ እንኳ ቢሆን ከኔ እጅ አያመልጥም።

ሰኞ 10

ዛሬ የእንስሳት ሐኪሟ መጣች። ወጣት ናት፣ ከልጄ በጥቂት ብትበልጥ ነው። ግን ዶክተር ዶክተር ናትና እርስዎ አልኳት። ከመምጣቷ በፊት ተነስቼ አምስቱንም በሳሙናና በትንሽ በረኪና አጥቤ እንዲያብረቀርቁ አደረግኳቸው። "ፈረሶቹን አቆሽሸው ነው የሚያሳምሟቸው" ተብሎ እንዲወራብን አልፈልግም።

ደብተር ሆይ፣ ያቺን ልጅ ብታያት። በዓይኗ ከማየቷ በፊት በእጇ ታያለች። መዳፏን በጸጉሩ ተቃራኒ ስትሰድ ዓይኗን ትጨፍናለች። ከዚያ ጣቷን ታሸታለች። ከዚያ ነው የምትጠይቀው።

"ይፈገፍጋሉ? ግድግዳ፣ አጥር?"

"ኧረ አይፈገፍጉም" አልኳት።

ሬዲዮ ከኋላ ገባበት። "እከክ የሰጠ ጌታ ጥፍር አይነሳም ይባላል። ለፈረስ ጥፍሩን ነስቶ ግድግዳ ሰጠው።"

ሳቀች፣ ግን ሥራዋን አላቆመችም። "እከክ ቢሆን ግድግዳችሁን ይልጡት ነበር" አለች። "የትንኝ ንክሻ ቢሆን የሚበላቸው ጋማና ጭራ ሥር ነው። የዝናብ ቢሆን ደግሞ ውሃው በሚወርድበት፣ ጀርባቸው ላይ፣ ጸጉሩ በቅርፊት እየተጣበቀ እንደ ቀለም መቀቢያ ብሩሽ ይነቀል ነበር። ይሄ ክብ ነው፣ አንገትና ትከሻ ላይ ነው፣ አያሳክክም። ጭርት እጠረጥራለሁ።"

አንድ ቆዳ፣ ያን ሁሉ ቋንቋ ይናገራል ማለት ነው። እኔ ዘጠኝ ዓመት ሳበጥረው "ቆሽሿል" እና "ጸድቷል" ብቻ ነበር የምሰማው።

ከዚያ ዳማ ጋ ደረስን። ሐኪሟ የኮርቻው ማሰሪያ በሚያልፍበት እጇን ሰደደች። አራት አምስት እባጭ በመስመር ተደርድሯል፣ አንዱ መግል ይዟል። ጋሼ፣ የበረቱ ባለቤት፣ ጎንበስ ብለው አዩና ቀጥ ብለው ቆሙ።

"ይሄን አውቀዋለሁ" አሉ። "አባቴ አሥራ አንድ የጋሪ ፈረሶች ነበሩት። በደረታቸው እንዲህ እንደ ዶቃ እየተደረደረ ወጣና አንድም አልተረፈ። መድኃኒት የለውም።"

"ያ በሽታ ሊሆን ይችላል፣ ላይሆንም ይችላል" አለች ሐኪሟ። "የጸጉሩን ናሙና ዛሬ ራሴ አየዋለሁ። መግሉን ዋናው ላቦራቶሪ እልከዋለሁ፤ ለሱ ግን ሳምንታት ይፈጃል።"

ዳማን ጥግ ላይ ወዳለው ባዶ ጋጣ ወሰድናት። ሐኪሟ ልትሄድ ስትል ዞር አለችና "እትዬ፣ ብሩሾቻቸው የየራሳቸው ናቸው አይደል?" አለችኝ።

"ስድስቱም ብሩሾች ይኸው ተሰቅለዋል" ብዬ ግድግዳውን አሳየኋት። ስድስት ብሩሽ ተሰቅሏል፤ ውሸት የለበትም።

ረቡዕ 12

ሐኪሟ ደወለች። ጋሼ ስልኩን ጮክ አድርገው ሁላችንም ሰማን። "ከቆዳው ፍቅፋቂ ላይ የእከክ ተባይ የለም። ጸጉሩ ላይም ምንም አላገኘሁም፣ ንጹሕ ነው።"

ንጹሕ ነው ስትል ደረቴ ነፋ አለ። ያጠብኩት እኔ ነኛ።

ጋሼ ግን ወንበር ፈልገው ተቀመጡ። "ጭርት ካልሆነ እንግዲህ ያ ነው" አሉ። ሐኪሟ ቸኩለው አይወስኑ፣ ዋናው ውጤት ይምጣ አለቻቸው። እሳቸውም እስኪመጣ የቀሩት አምስቱም ያልቃሉ አሉ። ቅዳሜ 29 መኪና መጥቶ ዳማን ይወስዳታል። ወዴት እንደሚወስዳት አልተናገሩም። የጠየቀም የለም።

ቅዳሜ 15

ቸኩያለሁ። ልጆቹ ለትምህርት መጥተዋል፣ ጉራቻና ነካሺት ብቻ ናቸው የወጡት። ክንዴን ትንሽ ያሳክከኛል። የሳሙናው ነው።

ማክሰኞ 18

ቦራ ላይ ወጣ። ግራጫም ላይ ወጣ። ጉራቻ ጎኑ ላይ አንዲት ነገር አለችው፣ ሳትሆን አትቀርም።

ነካሺት ግን ምን የመሰለች ናት። ጨርቅ እንኳ በቅጡ ያልነካት ቆሻሻ፣ ጭቃ ውስጥ ስትንከባለል የምትውል፣ አንድ ጸጉር አልጎደለባትም። ሬዲዮ "ክፋቷ ነው ያዳናት፤ በሽታውም ፈርቷት ነው" አለ። ሳቅን። ከሳቅኩ በኋላ አንድ ነገር ውስጤ ቆንጠጥ አደረገኝና ምን እንደሆነ ሳላውቀው አለፈ።

ፀሐይ ወጥታ ሹራብ ለብሼ ስዞር ሬዲዮ አየኝ። "እትዬ፣ ወባ ያዘሽ እንዴ?" "ዕድሜ ነው፣ አጥንቴን ይበርደኛል" አልኩት። ሦስት ጊዜ ነው የጠየቀኝ። ሥራ ቢኖረው ጥሩ ነበር።

ዳማን ጥግ ላይ አበጠርኳት። ብቻዋን ስለሆነች ትንሽ ረዘም አደረግኩላት። ዝንብ ሲያርፍባት አታንቀጠቅጥም። ቆማ ታየዋለች ብቻ።

ቤት ስገባ ልጄ የልጅ ልጄን ጉንጭ እያየች ነው። ቀይ ነገር ወጥቶባታል። "ትንኝ ነው" አልኳት። እሷ ግን ትንኝ ክብ አይሠራም አለች።

ዓርብ 21

ልጄና ሕፃኗ ጤና ጣቢያ ሄደው መጡ። ነርሷ አይታ ገና ሳትቀመጥ "ጭርት ነው፤ ቤት ውስጥ ድመት አለ?" አለች። አለ። እኛ ቤት ወይዘሮ የምንላት ድመት አለች፣ ስትራመድ እንደ ባለ ርስት ነው የምትራመደው።

ወይዘሮ ተፈረደባት። ልጄ ካርቶን ውስጥ አድርጋ "እማዬ፣ ከዚህ ቤት ታውጪልኝ" አለች። ይዣት ሄጄ ለሬዲዮ ሰጠሁት፣ ዘበኛ ቤቱ ውስጥ አይጥ አለ ሲል ሰምቼው ነበር። በካርቶኑ ቀዳዳ እያየችኝ ነው የሄደችው። አሳዘነችኝ። ምንም አላለችም እኮ።

ለሕፃኗ ቅባት ሰጥተዋታል። ከሱ ትንሽ ወስጄ ክንዴን ነካ ነካ አደረግኩት። ትንሽ ነው የወሰድኩት፣ ጥፍር የምታህል።

እሑድ 23

ልጄና ሕፃኗ ከሰዓት በኋላ ተኝተዋል። እኔ መስኮቱ አጠገብ ተቀምጬ እጅጌዬን ሰበሰብኩ። ሳምንት ሙሉ ደህና አድርጌ አላየሁትም ነበር፤ ዛሬ አየሁት።

ክብ ነው። ልክ በኮምፓስ የተሠራ ይመስል። ዳር ዳሩ ቀይ፣ ትንሽ ከፍ ያለ፣ በጥቃቅን ቅርፊት የተከበበ። መሃሉ ግን ደህና ቆዳ ነው። ደህና፣ ልስልስ ያለ፣ የኔ ቆዳ። ይሄ ነገር መጀመሪያ የበላውን እየተወ ወደ ዳር ይሄዳል፣ እየሄደም ከኋላው ይድናል። ልክ ኩሬ ውስጥ እንደወደቀ ጠጠር። አስቀያሚ ነው ማለት ነበረብኝ፤ ግን ደብተር፣ ላንተ ካልዋሸሁ፣ ለረጅም ጊዜ ዓይኔን ማንሳት አልቻልኩም። ማን አስተማረው እንዲህ ክብ መሥራት?

የሕፃኗ ጉንጭ ላይ ያለውም ይሄው ነው። እሷን ሳቅፋት ጉንጯ የሚያርፈው እዚህ ክንዴ ላይ ነው። ወይዘሮ ክንዴ ላይ ተኝታ አታውቅም።

ትናንት ሬዲዮ በር ላይ ስለ አንድ ዘመዱ ሲያወራ "በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት አይገኝለትም" አለ። ስለኔ አልነበረም፤ የሰውየው ጉዳይ ስለ ጥርስ ነው። እኔ ግን ውሃ ልቅዳ ብዬ ተነስቼ ሄድኩ።

እስቲ ልጻፈው። አምባላይ ቀን 3። ዳማ ቀን 6። ቦራና ግራጫ ቀን 18። ከዚያ ጉራቻ። አምባላይ፣ ዳማ፣ ቦራ፣ ግራጫ፣ ጉራቻ። ነካሺት የለችበትም።

ይሄ ዙሬ ነው።

ሰኞ 24

ብሩሹን ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ ወጣሁ፣ ቦርሳዬ ውስጥ ይዤው ተመለስኩ። ዛሬ ማንንም አላበጠርኩም። "አሞኛል" አልኩ። እሱ እንኳ እውነት ሆነ።

ልናገር ሦስት ጊዜ ጋሼ ጋ ሄጄ ነበር። አንደኛው ጊዜ ስልክ ይዘው ነበር። ሁለተኛው ጊዜ እኔ "ገለባ አልቋል" ብዬ ተመለስኩ። ገለባ አላለቀም። ሦስተኛው ጊዜ ዳማ ጋጣ ውስጥ ሆነው ግንባራቸውን ግንባሯ ላይ አስደግፈው አገኘኋቸው። ከእናቷ ሆድ ስትወጣ የተቀበሏት እሳቸው ናቸው። እንዳላየሁ ሆኜ ወጣሁ።

ቢያባርሩኝ ምን እላለሁ? የአባቴ ልጅ በብሩሽ ምክንያት ከፈረስ ቤት ተባረረች። እሱ ይሻላል ወይስ ቅዳሜ ያ መኪና መጥቶ ዳማ ስትወጣ በሩን ይዤ መቆም?

ሐኪሟን በዘበኛችን በሬዲዮ ስልክ ደውዬ ረቡዕ ድረሽልን አልኳት። "አንቺ" ብያታለሁ፣ በድንጋጤ።

ረቡዕ 26

ሁሉንም እጽፈዋለሁ፤ እጄ እስኪዝል እጽፈዋለሁ።

ሐኪሟ ስትመጣ ጋሼ ዳማ ጋጣ በር ላይ ነበሩ። ሬዲዮ ደግሞ እንደ ልማዱ ማንም ሳይጠራው እዚያው ነበር። "ዶክተር፣ ፈረሱን ከማየትዎ በፊት ይሄን ይዩልኝ" ብዬ እጅጌዬን ሰበሰብኩ።

ክንዴን የያዘችው ልክ ፈረሶቹን እንደያዘችው ነው። መጀመሪያ በመዳፏ፣ ዓይኗን ጨፍና። ከዚያ አየችው።

"ያሳክክዎታል?"

"ያሳክከኛል።"

"ፈረስን ብዙም አያሳክከው፤ ሰውን ግን እንቅልፍ ይነሳል። መቼ ጀመረ?"

"ወደ ሁለት ሳምንት ሊሆነው ነው። የልጅ ልጄም ጉንጯ ላይ ወጥቶባታል። ነርሷ ጭርት ነው አለች፣ እኛ ድመቷ ላይ ፈረድን።"

ሬዲዮ "ድመቷ እኔ ጋ ናት፤ አንድ ጸጉር አልረገፈባትም። ተናግሬ ነበር" አለ። አልተናገረም።

ከዚያ ብሩሹን ከቦርሳዬ አወጣሁ። ዙሬን ከአምባላይ እስከ ጉራቻ በተራ ነገርኳቸው። ጋሼ ወደ ግድግዳው ሄዱና ከስድስቱ ብሩሾች አንዱን አወረዱ። ላስቲኩ እንኳ አልተቀደደም። ሁሉም እንደተገዙ ነበሩ። ያን ጊዜ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

"ሌላም አለ" አልኩ። ከጀመሩ አይቀር። "ዶክተር፣ ያን ቀን ከመምጣትዎ በፊት በሳሙናና በበረኪና አጥቤያቸው ነበር። እንዲያምሩልኝ።"

ሐኪሟ ግንባሯን ያዘች። "ለዚህ ነው ንጹሕ የሆነው" አለች። "እትዬ፣ እኔ እኮ ያየሁት የእርስዎን ሳሙና ነው።"

ጋሼ "እንግዲህ ጭርት ከሆነ ያኛው አይደለም ማለት ነው?" አሏት፣ ድምፃቸው እንደ ልጅ ሆኖ።

"ጭርት መኖሩን የእትዬ ክንድ ነገረን። የዳማን እባጭ ግን ራሱን መጠየቅ አለብን።" ከዳማ ቁስል ዳር፣ ከዚያ እጥበት ወዲህ ከሰፋው ላይ፣ ጸጉር ነቀለች። ከመሃል ሳይሆን ከዳር የሚነቀለው በሽታው ያለው እዚያ ስለሆነ ነው አለችኝ። እኔ ክንዴን አየሁት። አውቀዋለሁ፣ እሑድ አይቼዋለሁ። ከእባጩም መግል በመስታወት ላይ ቀባች። ከዚያ "ይምጡ፣ አብረን እንይ" አለችኝ። እኔን።

ክሊኒኳ አንዲት ጠባብ ክፍል ናት። ጠረጴዛ፣ ማቀዝቀዣ፣ ግድግዳው ላይ የፈረስ አጥንት ሥዕል። ማይክሮስኮፑ ላይ ጎንበስ አልኩ። መጀመሪያ የራሴን ሽፋሽፍት ነው ያየሁት። "ዓይንዎን ትንሽ ያርቁ" አለችኝ።

ከዚያ ታየኝ።

የዳማ አንድ ጸጉር ግንድ አክሏል። በግንዱ ዙሪያ ክብ ክብ፣ የሚያበራ፣ የጠዋት ጤዛ የመሰለ ነገር ተለጥፏል፣ ረድፍ በረድፍ፣ እንደ ተሰፋ ጥልፍ። በሕይወቴ እንዲህ ያለ ነገር አይቼ አላውቅም። ያ ሁሉ ጥበብ በአንድ ጸጉር ላይ። ትንፋሼን ይዤ ነበር ለካ፣ መስታወቱ እንዳያላብብኝ።

"ስንት ናቸው?"

"የጭርቱ ዘሮች ናቸው፤ ማን ቆጥሯቸው።"

"እነዚህን ከጋጣ ጋጣ ያዞርኳቸው እኔ ነኝ?"

"ብሩሹ ነው" አለች። ትንሽ ቆይታ፣ "አዎ፣ እርስዎ ነዎት" አለች። የወደድኳት ያን ጊዜ ነው።

የመግሉንም ቀለም ነክራ ደጋግማ አየችው። ተራ የቁስል ጀርም እንጂ ጋሼ የፈሩት የለበትም። ጭርቱ ያላላውን ቆዳ ማሰሪያው እየፈተገ አቆሰለው፤ እባጩ የተደረደረውም ማሰሪያው ባለፈበት መስመር ብቻ ነው፣ ከዚያ አንዲት ጣት አልወጣም። ያ ክፉ በሽታ ቢሆን ከቆዳዋ በታች ያለውን ሥር ተከትሎ ይወርድ ነበር አለች። የዋናው ላቦራቶሪ ውጤት ቢመጣም የሚያጸድቀው ይህንኑ ነው።

ለጋሼ የነገርኳቸው እኔ ነኝ። "እኔ በአባቴ ትዝታ ልገድላት ነበር፣ አንቺ ደግሞ በአባትሽ ብሩሽ" አሉ። "ሙታኖቻችን ተባብረው ሊጫወቱብን ነበር እኮ።" ስለ ሥራዬ ምንም አላሉም። እኔም አልጠየቅኩም። ስወጣ ግን ጠሩኝና የቀለም ቆርቆሮ ሰጡኝ። ስድስቱ ብሩሾች ላይ እያንዳንዱን በየመልካቸው እንድቀባ። የሚያባርሯትን ሴት ቀለም ቀቢ አይሏትም መቼም።

ቅዳሜ 29

መኪናው መጣ። ሬዲዮ ዓለምን ሁሉ የሚያዳርስ ሰውዬ፣ ነገሩ መቅረቱን ለዚያ ሾፌር መንገር ብቻ ረስቷል። ሾፌሩ ገመዱን ይዞ ሲገባ ጋሼ በሩ ላይ ቆመው "የለችም" አሉት። ዳማ ከኋላቸው አንገቷን አውጥታ ታየዋለች።

"ይቺ ማን ናት ታዲያ?"

"ይቺ ሌላ ናት።"

ባዶውን ሄደ።

ከሰዓት በኋላ ብሩሹን አቃጠልኩት። ሐኪሟ ፕላስቲክ ቢሆን ዘፍዝፈን እናድነው ነበር፣ እንጨትና ጸጉር ግን ይዞ ይኖራል አለች። እሳቱ ውስጥ ሳስገባው የአውራ ጣቱ ጉድጓድ መጨረሻ ነው የነደደው። እዚያ ላይ እንጨቱ የሰው ወዝ ጠጥቶ ይሆናል። አባቴ የፈረሶቹንም ብርድ ልብሶች አብረሽ ቀቅያቸው ባለኝ ነበር። ቀቀልኳቸው።

ሰኞ 8

አዲስ ወር። በሳምንት ሁለት ጊዜ በመድኃኒቱ ውሃ እናጥባቸዋለን፣ ከዳር ወደ መሃል፣ ደህና ከሚመስለውም ቆዳ አንድ መዳፍ ጨምረን። ጓንት። እያንዳንዱ የራሱ ስፖንጅ፣ የራሱ ብሩሽ፣ የራሱ ብርድ ልብስ። ቅርፊቱን አልፍቅም፤ ረጥቦ ሲለቅ ብቻ። "ኃይል አይደለም የሚያድነው" ትላለች ሐኪሟ። እኔ ያን ሁሉ ዘመን ክንዴ የሚዝለው ለምን ነበር ታዲያ?

ዛሬ ፀሐይ ላይ ስናቆማቸው አምባላይ እርጥብ ሆኖ ቆዳው ታየኝ። ነጩ ፈረስ ከሥሩ ጥቁር ነው። ድሮም አውቀው ነበር፣ ግን አላየሁትም ነበር።

ግልቢያ ቆሟል። ጋሼ ለልጆቹ ወላጆች ሁሉ ራሳቸው ደውለው ገላቸውን እንዲያዩ ነገሯቸው። ሁለት ልጆች ላይ ተገኘ፣ ቅባት ጀምረዋል። ከማን እንደመጣ አልተናገሩም። እኔ ግን የሁለቱን እናቶች ሄጄ ነግሬያቸዋለሁ። አንዷ ተቆጣችኝ። ሌላዋ ቡና ጠጪ አለችኝ። ሁለቱም ልክ ናቸው።

እሑድ 14

የልጅ ልጄ ጉንጭ ጠፋ፣ ማለት ክቡ ጠፋ። ልጄ "ወይዘሮን ይቅርታ ጠይቀሽ አምጫት" አለችኝ። ሄድኩ። የሬዲዮ ወንበር ላይ ተኝታለች፣ እሱ መሬት ላይ ተቀምጧል። ስጠራት አንድ ዓይኗን ከፍታ አየችኝና መልሳ ጨፈነችው።

"አትመጣም" አለ። "ፍርድ ቤት ብትሄዱም አትመጣም።"

ሐሙስ 25

የዋናው ላቦራቶሪ ወረቀት መጣ። ጭርት ይላል፣ ረጅም ስሙን ሐኪሟ አንብባልናለች፣ እኔ መያዝ አልቻልኩም። ጋሼ የፈሩት በሽታ የለም። ወረቀቱን አጣጥፈው ኪሳቸው ከተቱት፤ ሦስት ጊዜ አውጥተው ሲያነቡት አይቻለሁ።

የዳማ ጸጉር እየወጣ ነው። ከመሃል ነው የጀመረው። መጀመሪያ የተጎዳው፣ መጀመሪያ ጸጉር ያበቅላል። አጭር፣ ከሌላው ጠቆር ያለ፣ ከፋይ ጨርቅ የመሰለ ክብ። እባጩ ደርቆ ማሰሪያው ሥር ጠባሳ ብቻ ቀርቷል። ሐኪሟ መላ ገላዋን በመዳፏ አየችና "እትዬ፣ ዛሬ ጓንትዎን ማውለቅ ይችላሉ" አለችኝ።

አወለቅኩት። ሌሎቹ እስኪሄዱ ጠበቅኩ፣ ለምን እንደሆነ አላውቅም። ከዚያ ብሩሽም ሳልይዝ፣ ምንም ሳልይዝ፣ አንድ ጣቴን እንደ ዝንብ አድርጌ ትከሻዋ ላይ፣ አዲሱ ጸጉር ላይ አሳረፍኩት።

ጭራዋን አላነሳችም። ጆሮዋንም አላዞረችም። ያቺ ቦታ ብቻ፣ ከጣቴ ሥር፣ ተንቀጠቀጠች።